የመንገድ ካሳው በወንድሜ ስም ተገመተ፤ እኛስ?

ጥያቄ፦ አባታችን ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። እኔና እህቴ የምንኖረው ከተማ ነው። ታላቅ ወንድማችን የአባታችንን መሬት እያረሰ እዚያው ይኖራል፤ የይዞታ ደብተሩም የወጣው በእሱ ስም ነው። አሁን አስፋልት መንገድ ሊያልፍበት ነው ተብሎ ንብረት ተቆጠረ፤ ካሳውም በወንድሜ ስም ተገመተ። ሚስቱ «ግማሹ የእኔ ነው» ትላለች። ታችኛውን ማሳ በእኩል የሚያርሰው ሰው ደግሞ «ባህር ዛፉን የተከልኩት እኔ ነኝ» ይላል። እኔና እህቴ ምን መብት አለን? ክርክሩ እስኪያልቅ መንገዱን ማስቆም እንችላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው። መንገዱን ለማስቆም አይድከሙ። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው፣ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ ከፍሎ ንብረት መውሰድ እንደሚችል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(8) ይደነግጋል። የወራሾች ክርክር ይህን አያስቀርም። እናንተ ማሳገድ ያለባችሁ ክፍያውን ነው። እሱንም ቢሆን ሙሉውን ሳይሆን የምትከራከሩበትን ድርሻ ብቻ።

ለመሬትና ለወሰን ማስከበር ቢሮዎች ደብዳቤ መጻፍ ጥሩ ነው። ግን ደብዳቤ እግድ አይደለም፤ ቢሮው አንብቦት ሊከፍል ይችላል። ገንዘቡን የሚይዘው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ። ከዚያ የድርሻ ክስ ይመሥርቱና በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት እግድ ይጠይቁ። ማመልከቻው ላይ ከፋዩን መሥሪያ ቤት፣ የማሳውን አድራሻና የሚከራከሩበትን የገንዘብ መጠን በግልጽ ያስፍሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በእንዲህ ያለ ክርክር ሁሉም ሰው «ካሳው የማን ነው?» እያለ ይሟገታል። ካሳው ግን አንድ ገንዘብ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 (በ2016 ዓ.ም. ተሻሽሏል) በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ የሚከፈለውን፣ መሬቱን በማጣት ከሚከፈለው የልማት ተነሺ ካሳ ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ የግምት ቅጹን ኮፒ ያውጡና በየመስመሩ «ይህ የማን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ያለዚህ ቅጽ ጠበቃ ጋ ቢሄዱም ብዙ አይጠቅምዎትም።

አባትዎ የሠሩት ቤትና የተከሉት ዛፍ ካለ፣ የእሱ ግምት የውርስ ሀብት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ደብተሩ በወንድምዎ ስም መሆኑ እዚህ ላይ ብዙም አያግዘውም።

ወንድምዎ በትዳር ዘመኑ የሠራው ቤት፣ የተከለው ዛፍ፣ የሠራው እርከን ግን የእሱና የሚስቱ ነው ተብሎ ይገመታል። መሬቱ በውርስ የመጣ የግሉ ነው ቢባል እንኳ፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 62 መሠረት ባልና ሚስት ከጉልበታቸውም ሆነ ከግል ንብረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። «የሷ ምንም የለም» ብላችሁ አትነሱ፤ የምትረቱበት ነጥብ ነው። የእናንተን ድርሻ ሳይነካ ለእሷ የሚገባትን ማመን ይሻላል።

ከባዱ የልማት ተነሺ ካሳው ነው። ብዙ ጊዜ ትልቁም ገንዘብ እሱ ነው። ምትክ መሬት ካልተሰጠ ባለይዞታው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈላል። ይህ ክፍያ የጠፋውን የመጠቀም መብት የሚተካ ስለሆነ፣ ባለይዞታነቱን ተከትሎ ይሄዳል። የገጠር መሬትን የመጠቀም መብት ማን ይወርሳል የሚለውን ደግሞ የክልላችሁ የመሬት ሕግ ይወስነዋል። በመሬቱ ይተዳደር ለነበረ የቤተሰብ አባል ቅድሚያ የሚሰጡ ክልሎች አሉ። እንዲህ ከሆነ ከተማ መኖራችሁ ሊጎዳችሁ ይችላል። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ችሎት ላይ ከምትሰሙት አሁን ብታውቁት ይሻላል።

ያም ሆኖ ደብተሩ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ማስረጃ ነው፤ በሌላ ማስረጃ ሊፈርስ ይችላል። ደብተሩ መቼና በምን መነሻ ወጣ? የውርስ ማጣራት ተደርጎ ነበር? ወንድምዎ በየዓመቱ እህል ይልክላችሁ ነበር? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን መሬቱን ለብቻው ሳይሆን ለሁላችሁም ይዞት እንደነበር ለማሳየት ትልቅ ጉልበት አለው። የሚያውቁ ጎረቤቶችን ከአሁኑ ያነጋግሩ።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። አባታችሁ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ለወራሽነት ክስ የ3 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ ክስ የማይቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ያስቀምጣል። የሚቆጠረው ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ጊዜ ነው። የወንድምዎ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህን ይሆናል። «ወንድሜን አልከስም» እያሉ ቀኑ እንዳይገፋብዎት።

ባህር ዛፉን በተመለከተ፣ የእኩል አራሹ በስምምነት ተክሎ ከሆነ ለድካሙ ድርሻ አለው። ውላቸው ቃል ብቻ ከሆነ ነገሩ በምስክር ይነጠራል። ባለይዞታ ግን ስላልሆነ ከተነሺው ካሳ ላይ ሊጠይቅ አይችልም።

ግምቱ ራሱ አንሷል የምትሉ ከሆነ፣ ያ ሌላ መንገድ ነው። መሬቱን የማስለቀቅ ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ይቀርባል፤ በእናንተ ክስ ምክንያት የ30 ቀኑ ቆጠራ አይቆምም። አቤቱታውን ስሙ የሰፈረው ወንድምዎ እንዲያቀርብ አድርጉ፤ የሚጨመረው ገንዘብ ለሁላችሁም ነውና።

ገንዘቡ ቀድሞ ቢከፈል እንኳ መብታችሁ አይጠፋም፤ ድርሻችሁን ከተቀበለው ሰው መጠየቅ ትችላላችሁ። የወጣ ገንዘብ ማስመለስ ግን ዓመታት ይፈጃል። በሽምግልና ከተስማማችሁም በቃል አትተዉት። ጽፋችሁ ፈርሙና በተከፈተው መዝገብ ላይ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 274 መሠረት ፍርድ ቤቱ እንዲያጸድቀው አድርጉ። ከፋዩ መሥሪያ ቤትም የእያንዳንዳችሁን ድርሻ በየሂሳባችሁ እንዲያስገባ ትእዛዝ ይጠይቁ።