ፓሉዲዝም ማለት ወባ ነው

ሰላም ወንድሜ። ጅቡቲ ያለው ታናሽህ በላከልህ የሐኪም ወረቀት ላይ «ፓሉዲዝም» የሚል ቃል አይተህ፣ ከማላሪያ የተለየ በሽታ ይሆን ብለህ ጠይቀሃል። አይዞህ፣ ያው ወባ ነው። ፈረንሳይኛ ስሙ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ፈረንሳይኛ የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ ሐኪሞችም ይጽፉበታል።

«ማላሪያ» የጣልያንኛ ቃል ነው፤ «ማላ አሪያ»፣ መጥፎ አየር ማለት። በሮም አካባቢ ብዙ ረግረግ ነበር፤ ሰውን የሚያሳምመው ከዚያ የሚነሳው አየር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። «ፓሉዲዝም» ደግሞ ረግረግ ከሚለው የላቲን ቃል «ፓሉስ» የመጣ ነው። እኔ ይሄኛው ለእውነቱ ይቀርባል እላለሁ፤ ትንኟ የምትራባው በታቆረ ውኃ ነውና። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን አልጄሪያ ውስጥ ወባ አምጪውን ተውሳክ በበሽተኛ ደም ያየው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ በትንኝ ሆድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897። የአየሩ ነገር ስህተት መሆኑ ሲታወቅ ስሙ አስቀድሞ ተለምዶ ነበር።

በእኛም አገር ስሙ ብዙ ነው። በአማርኛ ከወባ ሌላ ንዳድ ይባላል፤ «ነደደ» ከሚለው፣ ትኩሳቱን የሚያሳይ ግሩም ቃል ነው። በኦሮምኛ ቡሳ፣ በትግርኛ ዓሶ ነው።

ከስሙ ይልቅ ዓይነቱን እይልኝ። «ቪቫክስ» የሚል ካለ፣ ተውሳኩ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል፤ ለዚያ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ። ወንድምህ ወረቀቱን እንዳይጥል ንገረው። እንደገና ካተኮሰው ይዞት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።