ስለ ዝሆኔ ጠይቁኝ

ሲስተር፦ ምሥራቅ ጎጃም ነርስ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ያበጠ እግር ሳጥብ ኖሬያለሁ። ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ የኛ የደጋው ዝሆኔ አይጋባም። ደጋግሜ እለዋለሁ፣ አትሰልቹ።

የደጀኗ፦ ሲስተር፣ አባቴ እግሩ ካበጠ ቆይቷል። አያቴም ነበረባቸው። በዘር ነው ይሉናል።

ሲስተር፦ ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የኢትዮጵያውያን ጥናት አንዳንዱን ሰው ይበልጥ የሚያጋልጥ የዘረመል ልዩነት አግኝቷል። ዘሩ ብቻውን ግን እግር አያሳብጥም። ጥፋተኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ቀይ አፈር ነው። ደቃቁ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ይሰርጋል፤ ዓመታት ሲከማች የሊምፍ መስመሩን፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽ ከእግር የሚያወጣውን ቀጭን ቧንቧ፣ ይዘጋዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስረዳው እዚሁ አገራችን ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እርግማን የለም፣ የሰው ዓይን የለም። ልጆችሽን ጫማ አድርጊላቸው።

የማርቆሱ፦ እግሬን ያመኛል፣ ምን ልጠቀም?

ሲስተር፦ የትኛው እግር? ከመቼ ጀምሮ? አብጧል? ወንድሜ፣ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

መምህሩ፦ ከቆላው ዝሆኔ ጋር አንድ ነው?

ሲስተር፦ አይደለም። ያኛው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው፤ ብሽሽትና የዘር ፍሬ ከረጢትም ያሳብጣል። የኛ የደጋው ከጣት ይነሳና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም።

የሞጣው፦ እውነት ማጠብ ብቻ ይጠቅማል? መድኃኒት የለውም?

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ግማሾቹ ወዲያው ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ጀመሩ፤ ሌሎቹ ከ12 ወር በኋላ። እናንተ "ምች መታኝ" የምትሉት፣ እግሩ ግሎ ትኩሳት የሚያስይዘው ሕመም ገና በሚጠብቁት ላይ ለአንድ ሰው በዓመት 24 ጊዜ ያህል ሲመጣ፣ በታጠቡት ላይ 19 ያህል ሆነ። ትንሽ ነው አትበሉኝ። አንዱ ምች ሰውን ለቀናት ይጥላል፤ አምስቱ ከቀረ አጨዳው ላይ ሰው አለ ማለት ነው።

ማጠቡን ግን አትቀልዱበት። ግማሽ ሳፋ ውሃ ይበቃል። ሳሙና፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ቫዝሊን። ማድረቅ ስል በጣቶቹ መሃል ነው! አንዲት እናት ጣቶቻቸው ተጣብቀው መጡ። የጨርቅ ጫፍ ጠቅልዬ በመሃሉ ሳሾልክ የቡና አተላ የመሰለ ጭቃ ወጣ። "ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበር?" አሉኝ።

የቢቸናው፦ በረባሶ አይበቃም?

መምህሩ፦ ኮንጎ ጫማ ይሻላል፣ ርካሽ ነው።

የቢቸናው፦ አንተ ሐምሌ ላይ ጤፍ ሲዘራ አይተህ ታውቃለህ? ኮንጎው ጭቃው ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፣ እግርህ ብቻ ይወጣል።

መምህሩ፦ የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ!

የቢቸናው፦ ደመወዝተኛ ሆነህ ረስተኸዋል።

ሲስተር፦ በቃ! በረባሶ አፈሩን አይከለክልም። ኮንጎ ያልባል፣ በካልሲ አድርጉት። ጭቃው ላይ ማውለቅ ግድ ከሆነ፣ ማታ ቤት እንደገባችሁ ታጥባችሁ አድርቁ። በጣቶቹ መሃል!

የማርቆሱ፦ ስለ ደም ግፊትስ?

ሲስተር፦ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተለካ።

የሞጣው፦ ጸበል የሚሄድ ሰውስ?

ሲስተር፦ ይሂድ። ሲመለስ እግሩን ያድርቅ።

የደብረ ወርቁ፦ ሲስተር፣ ወንድሜ ሊያገባ ነው። የልጅቱ እናት እግራቸው ያበጠ ነው። ዘመድ አዝማድ ይጋባል እያለ ሰርጉ ሊቀር ነው።

ሲስተር፦ የመጀመሪያውን መስመር አላነበብክም? አይጋባም! ሰርጉን አታስቀሩ። ይልቅ ልጅቱ ጫማ ታደርጋለች ወይ ብለህ ጠይቅ። ጥሎሹ ላይ ዝግ ጫማና ካልሲ ይጨመርበት። ለእናትየውም።