ሲጠፋና ሲመለስ የሚኖር ብጉር

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። ከጉርምስናዬ ጀምሮ ብጉር ከፊቴ ጠፍቶ አያውቅም። በቀን አራት አምስት ጊዜ በሳሙና እታጠባለሁ። ጓደኛዬ የሰጠችኝን ቅባት ስቀባ በሦስት ቀን ውስጥ ፊቴ ጥርት ይላል፤ ሳቆመው ግን ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ብጉሩ የነበረበት ቦታም ሁሉ ጠቁሮ ቀርቷል። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው የቅባቱን ማሸጊያ ያንብቡ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል ወይም ሞሜታዞን የሚል ስም ካገኙበት ቅባቱ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ የቆዳን ብግነት፣ ማለትም መቅላትና ማበጡን፣ ስለሚያዳፍን ፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ የዳነ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የብጉሩን መነሻ አይነካም፤ ሲቆይም ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያስወጣል። የነገሩኝ አመላለስ ይህንኑ ያስጠረጥረኛል። ስም ያልተጻፈበት፣ ተቀላቅሎ የተሰጠ ቅባት ከሆነ ጥርጣሬዬ ይብሳል። ለወራት ሲቀቡት ከቆዩ እንዴት እንደሚያቆሙት ከቆዳ ሐኪም ጋር ይመካከሩ፤ በድንገት ሲቋረጥ ቆዳው ክፉኛ ሊቆጣ ይችላልና።

ብጉር የሚጀምረው ከቆዳ ሥር ነው። በጸጉር ሥር አጠገብ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ፤ በጉርምስና ጊዜ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ ወዙ ይበዛል፣ የሞቱ የቆዳ ሕዋሳትም ከወዙ ጋር ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ፣ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ሁሉ የሚኖረው ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል፤ ሰውነት ሲከላከል ደግሞ ቦታው ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ጥቁር ነጥብ የምንለውም ቆሻሻ አይደለም፤ የተደፈነው ቀዳዳ አፉ ክፍት ሆኖ ውስጡ ያለው ነገር ለአየር በመጋለጡ የጠቆረ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ መታጠብ አያስለቅቀውም፤ ቆዳን አድርቆ ያስቆጣል እንጂ። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ማጠቢያ መታጠብ ይበቃዎታል።

ዛሬ ያዩት ብጉር ለዓይን ሳይታይ ከሳምንታት በፊት የተጀመረ ነው። መድኃኒት የሚቀባውም በወጣው ብጉር ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር በሚያወጣው የፊት ክፍል ሁሉ ላይ ነው፤ ውጤቱም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል። ብዙ ሰው ትክክለኛውን መድኃኒት ይዞ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ይህን ስለማያውቅ ነው።

ለቀላልና ለመካከለኛ ብጉር መጀመሪያ የምመርጠው 0.1 በመቶ አዳፓሊን ማታ፣ 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ደግሞ ጠዋት መቀባትን ነው። ባለ 10 በመቶው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይበልጥ ያቃጥላል እንጂ ያን ያህል አይበልጥም። አዳፓሊኑን የአተር ፍሬ የሚያህል መጠን ወስደው፣ በደንብ በደረቀ ፊት ላይ ስስ አድርገው ያዳርሱት፤ ዓይን፣ ከንፈርና የአፍንጫ ዳርቻ አይንኩ። መጀመሪያ ላይ መድረቅና መላጥ የተለመደ ስለሆነ አንድ ቀን እያለፉ ይጀምሩ፤ የቆዳ ማለስለሻ ቅባትም ይጠቀሙ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የጨርቅ ቀለም ያስለቅቃልና ለትራስ ልብስዎና ለፎጣዎ ይጠንቀቁ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ግን አዳፓሊን አይጠቀሙ።

እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሐኪም ሊያዝልዎ ይችላል፤ ነገር ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዳይለምደው ብቻውን አይሰጥም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሦስት እስከ አራት ወር አይዘልም። ኢሶትሬቲኖይን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ከሁሉ የበረታው ነው፤ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያስከትል ያለ ሐኪም ክትትልና ያለ አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ፈጽሞ የሚወሰድ አይደለም።

ጥቁረቱ ጠባሳ አይደለም። ብግነቱ የቆዳን ቀለም አብዝቶ የተወው ምልክት ነው፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ በወራትም ይደበዝዛል። ጸሐይ ስለሚያቆየው የመከላከል አቅሙ (በማሸጊያው ላይ ኤስፒኤፍ ተብሎ የሚጻፈው) ቢያንስ 30 የሆነ የጸሐይ መከላከያ ቀን ቀን ይቀቡ። ከ15 እስከ 20 በመቶ የሆነ አዜላይክ አሲድ የተባለ ቅባት ብጉሩንም ጥቁረቱንም ይረዳል። ሎሚ ግን አይሞክሩ፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ ጸሐይ ሲያገኘውም ጥቁረቱን ያብሰዋል። ብጉርን በጥፍር ማፍረጥ ደግሞ ጎድጉዶ የሚቀር እውነተኛ ጠባሳ ሊያስከትል ይችላል፤ ይህን ዓይነቱን ጠባሳ ቅባት አይመልሰውም።

ስለ ምግብ አልጠየቁኝም፤ ሌሎች አንባቢዎች ግን ዘወትር ስለሚጠይቁ ልጨምር። ስኳር የበዛባቸው ምግቦችና መጠጦች በአንዳንድ ሰዎች ላይ ብጉርን እንደሚያባብሱ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፤ ብጉርን በምግብ ብቻ ለማዳን መሞከር ግን አያዋጣም።

ከ12 ሳምንት በኋላ ለውጥ ካላዩ፣ ወይም ሥር የሰደደና የሚያም እብጠት ካለዎት ሐኪም ይዩ። የወር አበባዎ የሚዛባና አገጭዎ ላይ ወፍራም ጸጉር የሚበቅል ከሆነም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የሆርሞን ምርመራ ሊያስፈልግዎ ይችላል፣ ሕክምናውም በዚያው መሠረት ይለወጣል።