የመሃል ከተማውን ገበያ ለማነቃቃት ብር ከማዋጣታችሁ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር ከወጣ በኋላ የመሃሉ ገበያ ቀዝቅዟል፤ ሱቆች እየተዘጉ ነው፤ ነጋዴው ተሰብስቦ ለማዋጣት ተስማምቷል፤ ማዘጋጃ ቤቱም «እናንተ አዋጡ፣ ቀሪውን እኛ እንሞላለን» ብሏችኋል። ከምን እንጀምር፣ ከየትስ ገንዘብ ይገኛል ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «በርቱ፣ አንድነት ካለ ይሳካል» ብለዋል። ምኞታቸው ደግ ነው። እኔ ግን የምነግርሽ ብራችሁ የማን ሂሳብ ውስጥ እንደሚገባ ነው። እኛ የተቃጠልነው እዚያ ላይ ነው።

ያለነው ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። እኔ የቤት ዕቃ እሸጣለሁ፤ የነጋዴው ኮሚቴ ገንዘብ ያዥም ነኝ። የእኛም መናኸሪያ ወጥቷል፣ የእኛም መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር። ስለዚህ ጉዳያችሁን እንደራሴ ነው የማየው።

1. ፕላኑን በዓይናችሁ እዩ። በቃል የሚነገራችሁን አትቀበሉ። መንገዱ ስንት ሜትር እንደሚሰፋ፣ ለአካባቢው ስንት ፎቅ እንደተወሰነ ካርታው ላይ ይታያል። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ 574/2000፣ መዋቅራዊ ፕላን (የመላ ከተማው) እና የአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድ አካባቢ ዝርዝር) ብሎ ይለያቸዋል፤ መሐንዲሶቹ ሁለተኛውን ኤል ዲ ፒ ይሉታል። በእኛ መንገድ በአንደኛው ጎን ኤል ዲ ፒው ጂ+2፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ ሁለት ፎቅ፣ ይጠይቃል። ሁለት ጎረቤቶቼ የሱቃቸውን ፊት በሴራሚክ ሊያሳምሩ ዕቃውን ገዝተው በረንዳ ላይ ደርድረው ነበር፤ የማደሻ ፈቃድ ሲከለከሉ ነው ነገሩን የሰሙት። ሴራሚኩን በኪሳራ ሸጡት።

ፕላኑ «መልሶ ማልማት»፣ ማለትም አሮጌው ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራ፣ የሚል ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ። የካሳ አዋጁ 1161/2011 ባለይዞታው በግሉ ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ቦታውን በፕላኑ መሠረት ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ አቅም እንዳለው ግን ማሳየት አለበት። አዋጁን ከነማሻሻያው አትማችሁ ይዛችሁ ግቡ። «ሰምተናል» እያለ የሚገባውን ሰው በረንዳ ላይ ያቆዩታል፤ አንቀጹን ጠቅሶ የሚጠይቀውን ግን ቢያንስ ተቀመጥ ይሉታል።

በዚሁ ላይ የቀበሌ ቤት ጉዳይ አለ። በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ ስለገቡ፣ የእኛ መሃል ከተማ አሮጌ ሱቆች አብዛኞቹ ዛሬም የቀበሌ ናቸው። ተከራዩ «ነገ ለሚወስዱብኝ ቤት ዛሬ ለምን ላውጣ» ይላል፤ እኔ አልፈርድበትም። እኛ መዋጮውን ለሁለት ከፈልነው፤ ባለ ካርታው ሙሉ፣ ተከራዩ ግማሽ። የተከራዩ ብር ለመንገድ፣ ለቦይና ለመብራት ብቻ እንዲውል በቃለ ጉባኤ አሰፈርን። ከዚያ በኋላ ከተከራዮቹ እምቢ ያለ የለም።

2. ውል ሳይፈረም አንድ ብር እንኳን ወደ መሥሪያ ቤት ሂሳብ አታስገቡ። ይህን ደጋግመሽ ለኮሚቴው አንብቢላቸው።

በመጀመሪያው ዙር ከነጋዴው፣ ከእድሮችና ከአገር ውጭ ካሉ የከተማችን ልጆች ከ600 ሺህ ብር በላይ ሰበሰብን። ከዋሽንግተን አካባቢ የላኩ አሉ፣ ከዱባይና ከቤሩት በሰው ቤት እየሠሩ የላኩ እህቶች አሉ። በገበያው ሻይ የምትሸጥ እናት 500 ብር ቋጥራ አምጥታ በእጄ ሰጥታኛለች። የኮብልስቶኑን ሥራ የሚያሠራው ጽሕፈት ቤት «የኅብረተሰብ ተሳትፎ ብር በእኛ ሂሳብ ካልገባ ጨረታ አናወጣም» አለ። እኔ በስብሰባው ላይ ተቃወምኩ። መጀመሪያ የሥራ ዝርዝሩና ውሉ ይምጣ፣ ከዚያ በተሠራው ልክ እንክፈል አልኩ። ኃላፊው በሰው ፊት «መንግሥትን ካላመናችሁ ማንን ልታምኑ ነው?» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ እንዳይካረር ብለው ፈረሙ። ብሩ መጋቢት ላይ ገባ።

ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ፣ ጨረታ የለም። አንዴ መሐንዲሱ ሥልጠና ላይ ነው፣ አንዴ የዋጋ ግምቱ ይከለሳል። ሰኔ 30 በጀት ተዘጋ። ሐምሌ ላይ ኃላፊው ተዛወረ፤ አዲሱ ሰው ደግሞ «በተረከብኩት ሰነድ ላይ የናንተ ፕሮጀክት የለም» አለን። ብራችን ሌላ ቀበሌ ውስጥ ለተጀመረ መንገድ ተከፍሏል። የገቢ ደረሰኙ በእጃችን ነበር፤ ግን ምክንያት በሚለው ቦታ የተጻፈው «ለልማት» ብቻ ነው። የትኛው መንገድ፣ ከየት እስከ የት የሚል ነገር የለበትም። ስለዚህ ለልማት ውሏል፣ ምን ትላላችሁ አሉን።

ከብሩ ይልቅ እስካሁን የሚቆጨኝ አቀባበሉ ነው። የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ አዛውንት ናቸው፤ በዚያ መንገድ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ልጆቻቸውን አሳድገው ዩኒቨርሲቲ ያስገቡ ሰው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ይበሉ እንኳን ሳይባሉ ቆመው ተናገሩ። ኃላፊው ስልኩን እየነካካ ነበር የሚሰማቸው። ወጥተን ደረጃው ላይ «ልጄ፣ ለሰዎቹ ምን ልንላቸው ነው?» አሉኝ። የሻይ ሻጯ እናት ደግሞ ባለፍኩ ቁጥር «ብሬስ?» ትለኛለች፤ ልክ ናት፣ ብሯን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ዝም አላልንም። ደረሰኙን፣ ቃለ ጉባኤውንና የእያንዳንዱን አዋጪ ስም ዝርዝር አያይዘን ለከተማው ምክር ቤትና ለዞኑ በጽሑፍ አመለከትን። የቃል አቤቱታ የሚያስታውሰው የለም፤ መዝገብ ቤት ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ ግን መልስ ይፈልጋል። ከረጅም ምልልስ በኋላ ግማሽ ያህሉ በጥርብ ድንጋይና በአሸዋ ተተካልን። ሁለተኛው ዙር የተጀመረው በእሱ ነው።

በሁለተኛው ዙር እንዲህ አደረግን። ኮሚቴ ብቻውን ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው ባንክ ሂሳብ አይከፍትለትም፤ ስለዚህ በአዋጅ 341/1995 መሠረት በተቋቋመው የከተማችን የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ሥር ገባን። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የተለየ ሂሳብ ተከፈተ፤ ፈራሚዎቹ ሦስት ናቸው፣ አንዷ የጉልት ሻጮቹ ተወካይ ነች። ከዚያ የሦስትዮሽ ውል፦ የንግድ ምክር ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት የኮብልስቶን ወጣቶች። ማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስና የጠርዝ ድንጋይ ያቀርባል። እኛ የምንከፍለው የተነጠፈው ካሬ ሜትር ተለክቶ፣ መሐንዲሱና ኮሚቴው አብረው ሲፈርሙ ነው፤ ከዚያ በፊት ለአሸዋ እንኳን ቅድሚያ ክፍያ የለም። በየክፍያው ፎቶ ተነስቶ ለአገር ውጭ ልጆች ተላከ። በመጀመሪያው ዙር ተቀይመው የነበሩት ሳይቀሩ እንደገና ላኩ። በዚህ የምኮራውን ያህል በሌላ ነገር ኮርቼ አላውቅም። ሻይ ሻጯ እናት የምርቃቱ ቀን ሪባኑን ከያዙት አንዷ ነበረች።

3. ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት ለውኃ፣ ለመብራትና ለቴሌ ደብዳቤ ጻፉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በጎረቤት ከተማ የተነጠፈ መንገድ ዓመት ሳይሞላው ለውኃ መስመር ሲቆፈር አይቻለሁ፤ ቆፋሪው ድንጋዩን እንደነበረ አልመለሰውም። እኛ ቧንቧውን መጀመሪያ አስቀየርን፣ ቦዩን አስቆፍረን ክዳን አስደረግን፣ ንጣፉ መጨረሻ መጣ። ድንጋዩን ደግሞ ካባው ድረስ ሄዳችሁ እዩ። የተሰባበረውንና ያልተጠረበውን ቀላቅለው ይጭናሉ፤ መኪናው ከተራገፈ በኋላ መመለስ ጭቅጭቅ ነው።

ስለ ባጃጅ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ፤ ለእኔ ከንጣፉ የበለጠ ገበያውን ያነቃቃው እሱ ነው። መናኸሪያው ሲወጣ የባጃጅ ተራውም አብሮት ወጣ። ገበሬው ከአውቶቡስ ወርዶ እዚያው የሚፈልገውን ገዝቶ ይመለሳል፤ ወደ መሃል የሚመጣበት ምክንያት የለውም። እኛ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አመልክተን ከመናኸሪያው ወደ ድሮው ገበያ ቋሚ የባጃጅ መስመር ተፈቀደ፤ ማውረጃው ከእህል በረንዳው ፊት ለፊት ሆነ። ያ ጽሕፈት ቤት ያስተናገደን በአክብሮት ነው፣ ይህንንም መናገር አለብኝ። በቅዳሜ ገበያ ልዩነቱ ወዲያው ታየ፤ ተዘግተው ከነበሩት ሱቆች አንዳንዶቹ የከፈቱት መንገዱ ገና ሳያልቅ ነው።

ጉልቶቹንም እንዳታባርሯቸው። ከኮሚቴያችን ውስጥ «መንገዱ ካማረ በኋላ ሽንኩርትና ቃሪያ መሬት ላይ አይዘረጋም፣ ደንብ አስከባሪ ያንሳቸው» ያሉ ነበሩ። እኔ በዚህ እስከ መጨረሻው ተከራከርኩ። እናቶች ወደ መሃል ከተማ የሚመጡት ለሽንኩርቱ ነው፤ ሽንኩርቱን ገዝታ ስትመለስ ነው ከእኔ ድስት የምትገዛው። በመጨረሻ የቆርቆሮ ጥላ ሠርተን ቦታቸውን በቀለም አሰመርንላቸው። የቦታ ኪራይ እንዳይጠየቁም በውሉ ውስጥ አስገባን።

ገንዘብ ከየት ይገኛል ላልሽው፦ ከተማችሁ በ2010 ዓ.ም በዓለም ባንክ ድጋፍ በተጀመረው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ውስጥ ከገቡት 117 ከተሞች አንዷ ከነበረች፣ የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላን፣ ማለትም የምትሠራቸውን ግንባታዎች ከነወጪያቸው የምትዘረዝርበት ዕቅድ፣ የማዘጋጀት ልምድ አላት ማለት ነው፤ መንገዳችሁ በዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ፕሮግራሙ ከተሞች ራሳቸው ድርሻ እንዲያዋጡ ያስገድድ ስለነበር የነጋዴ መዋጮ ምን እንደሆነ ያውቁታል። የእኛ ከተማ ከዝርዝሩ ውጭ ነበረች፤ ትንሽ ከተማ ሁልጊዜ ከዝርዝር ውጭ ናት፣ ይሄ ያናድደኛል። ከዝርዝሩ ውጭ ከሆናችሁ ያላችሁ የማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ገቢ ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል ተብሎ ሰኔ ላይ ማመልከት ዋጋ የለውም፤ ድልድሉ ያኔ አልቋል። ጥር ላይ ግቡ፣ የካቲት ላይ ደግማችሁ ግቡ።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሩ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ከአዲስ አበባ የተነሳው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። የእናንተ መንገድ በኮሪደሩ መስመር ላይ ካለ የነጋዴው ብር ለንጣፍ መውጣት የለበትም፤ ያነጠፋችሁት በወራት ውስጥ ሊነሳ ይችላል። መስመሩ ላይ አለ ወይስ የለም የሚለውን በደብዳቤ ጠይቃችሁ መልሱን በማኅተም ተቀበሉ።

የሦስትዮሽ ውላችንን የሰዎቹን ስም አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። አምስተኛው አንቀጽ ክፍያው በካሬ ሜትር የሚለካበት ነው፤ ማዘጋጃ ቤታችሁ መጀመሪያ እንዲሰረዝ የሚጠይቀው እሱን ይሆናል፣ አትስማሙ። ብር የምታስገቡበት ቀን ተቆርጦላችሁ ከሆነም ቀኑን ጻፊልኝ፤ ከዚያ በፊት ለጽሕፈት ቤቱ የምታስገቡትን ደብዳቤ አብረን እናረቃለን።