የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የውጭ አገሩ ሴሚስተር ሲያልቅ

ጥያቄ፦ በኢራስመስ ፕላስ የልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን ነኝ። ትምህርቱ ፌብሩዋሪ ላይ ስለሚያበቃ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ቲኬት ልቆርጥ ነው። ከመሄዴ በፊት ምን ልጨርስ?

መልስ፦ ቲኬቱን ካልቆረጡ ትንሽ ይታገሡ። እርስዎ ያሉበት ሴሚስተር፣ በጀርመንኛ ቪንተርዜሜስተር፣ የሚቆየው ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ነው (ወራቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጠራቸው)። ፌብሩዋሪ ላይ የሚያበቃው ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ብቻ ነው። ብዙ ፈተናዎች ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይሰጣሉ፤ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች ደግሞ የሴሚስተር ጽሑፍ ማስረከቢያው ማርች መጨረሻ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ቀድሞ የተቆረጠ ቲኬት ስንት ፈተና እንዳስቀረ የኢንተርናሽናል ቢሮ ሠራተኞች ያውቁታል።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የፈተና ምዝገባ ነው። ለኮርሱ መመዝገብና ለፈተናው መመዝገብ ለየቅል ናቸው። የፈተናው ምዝገባ በዩኒቨርሲቲው ፖርታል ላይ የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ ካለፈ ክፍል ሲከታተሉ ቢከርሙም ውጤት ላይመዘገብልዎ ይችላል። ዛሬውኑ ፖርታሉን ከፍተው እያንዳንዱን ኮርስ ያረጋግጡ፣ ገጹንም በፒዲኤፍ ያስቀምጡ።

በመጨረሻው ሳምንት የቆይታ ማረጋገጫ ያስፈርሙ። የመጡበትና የሚሄዱበት ቀን የሚሞላበት ወረቀት ሲሆን የድጎማው ገንዘብ የሚሰላው በእነዚያ ቀናት ነው። ስለዚህ ቢሮዎቹ ከመሄጃው ቀን ብዙ ቀድመው መፈረም አይወዱም፤ ቀጠሮውን ግን ቀደም ብለው ይያዙ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልጉበት መምህር ካለም በአካል ሄደው ይጠይቁ፤ ፊትዎን የሚያስታውስ መምህር የሚጽፈው ደብዳቤ ሌላ ነው። ተማሪነትዎ ካበቃ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይልና ፖርታል ስለሚዘጋ ደብዳቤዎችዎን፣ ስላይዶችዎንና የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ አስቀድመው ያውርዱ። መግለጫውን አደራ፤ ለምን እንደሆነ ከሚቀጥለው ጥያቄ ይረዱታል።

ጥያቄ፦ ትራንስክሪፕቴ ከጀርመን መጣ። 1.3፣ 2.0 እና 2.7 ይላል። ዲፓርትመንት ውስጥ ያሳየኋቸው ሰው «ይሄማ በጣም ዝቅተኛ ነው» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሦስቱንም አልፈዋል፣ ያውም በጥሩ ውጤት። የጀርመን መለኪያ ከእኛው ተገላቢጦሽ ነው፦ 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 የማለፊያው ጠርዝ፣ 5.0 መውደቅ ነው። 1.3 «እጅግ በጣም ጥሩ» ከሚባለው ምድብ ነው፤ 2.0 «ጥሩ»፣ 2.7 ደግሞ «አጥጋቢ» ነው። እኛ ዘንድ 4.0 የሰቃይ ተማሪ ነጥብ ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው መሳሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ትራንስክሪፕቱን ያለ ማብራሪያ አያስገቡ፤ የውጤት መለኪያውን የሚገልጸውን ገጽ ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ጠይቀው አያይዙ።

ለመነሻ የሚሆን ስሌትም አለ። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ውጤት ወደራሳቸው መለኪያ የሚቀይሩት የባቫሪያ ቀመር በሚባለው ነው፦ ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የተገኘው ይቀነሳል፣ ከፍተኛው ከማለፊያው በሚበልጥበት መጠን ይካፈላል፣ በ3 ይባዛል፣ 1 ይደመራል። ቀመሩን ገልብጠው ከፍተኛውን 4.0፣ ማለፊያውን 2.0 ቢያደርጉት 1.3 ወደ 3.8፣ 2.0 ወደ 3.33፣ 2.7 ወደ 2.87 ይመጣል። ይህን በማመልከቻዎ ላይ በሐሳብ ደረጃ ያቅርቡት፤ የፊደል ውጤቱን የሚወስነው ግን የዲፓርትመንቱ ካውንስል ነው።

ማመልከቻው ለዲፓርትመንት ኃላፊው ይጻፋል። አብረው የሚያያዙት የተፈረመው ለርኒንግ አግሪመንት (የሚወስዷቸው ኮርሶች አስቀድመው የተዘረዘሩበት ስምምነት)፣ ትራንስክሪፕቱና የየኮርሱ መግለጫ ናቸው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከውጤቱ ይልቅ በኮርሱ ይዘት ላይ ነው፦ «ይህ ኮርስ የእኛን ኮርስ ይተካል ወይ?» ይባላል። ካውንስሉ ርእሶችን ከርእሶች፣ ሰዓትን ከሰዓት የሚያስተያየው በመግለጫው ነው። ጀርመን ውስጥ 1 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የኮርስ ክብደት መለኪያ) አብዛኛውን ጊዜ የ30 ሰዓት ሥራ ሆኖ ስለሚሰላ ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ 150 ሰዓት ነው፤ የግል ንባብና የፈተና ዝግጅትም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። የክፍል ሰዓቱን ብቻ ካወዳደሩ ኮርሱ አንሶ ይታያል።

ነገሩ የሚበላሸው በአብዛኛው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ኮርስ ቀይሮ አግሪመንቱን ሳያሻሽሉ በመቅረት ነው። እንዲያ ሲሆን ተማሪው የወሰደው ኮርስ ማንም አስቀድሞ ያልተስማማበት ይሆናል። ይህ ከገጠመዎት የሁለቱም ወገን አስተባባሪዎች ለውጡን መቀበላቸውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ ዛሬውኑ ይጻፉላቸው። ትራንስክሪፕቱ ዘግይቶ ሬጅስትራር ኤን ጂ (ውጤት አልገባም የሚል ምልክት) ካስቀመጠብዎትም ዝም አይበሉ፤ እንደ ዩኒቨርሲቲው ሕግ በተወሰነ ጊዜ ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ሊለወጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጀርመን አንድ ሴሚስተር ተምራ ገባች። ለአከራዩ የሰጠችው የቤቱ መያዣ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰላትም። ጭራሽ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ አለብሽ የሚል ደብዳቤ በጓደኛዋ በኩል መጣ። ቴሌቪዥን እንኳ አልነበራትም።

መልስ፦ አባት፣ ክፍያው የሚጠየቀው በቤት እንጂ በቴሌቪዥን አይደለም፤ ለአንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ነው። የነዋሪነት ምዝገባን ማሰረዝ፣ ማለትም አብሜልዱንግ፣ ይህን ክፍያ በራሱ አያስቆምም፤ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። ልጅዎ በክፍያ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ የመሰረዣ ቅጹን ትሙላ፤ ደብዳቤው ላይ ያለውን የከፋይ ቁጥር አስገብታ የአብሜልዱንግ ማስረጃዋን ትላክ። ከሌሎች ጋር ተጋርታ ስትኖር ከነበረና አንዳቸው ሲከፍል ከቆየ የእሱን ቁጥር መጥቀስ ይበቃል። አብሜልዱንግ ካላደረገችም በብዙ ከተሞች ቅጹን ሞልቶ ከፓስፖርት ቅጂ ጋር በፖስታ መላክ ይቻላል። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ግን ቤት ከለቀቁ በኋላ 2 ሳምንት ብቻ ነው።

መያዣው በሕግ ከ3 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የሚቆጠረውም ያለ ማሞቂያና ያለ ውሃ ነው። አከራዩ ጉዳት መኖሩን ለማጣራት ጊዜ ይሰጠዋል፣ እስከ ግማሽ ዓመት መቆየቱም የተለመደ ነው። የማሞቂያና የውሃ ሒሳብ ገና ካልተዘጋ ከገንዘቡ ላይ ተመጣጣኝ ድርሻ ሊያቆይ ይችላል። የባንክ ቁጥሯንና የምትጠብቅበትን ቀን ጠቅሳ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ቁልፍ ስታስረክብ የተፈራረሙበት ወረቀት ካለም አብራ ትላክ። የጀርመን ሒሳቧን ዘግታ ከሆነ አከራዩ ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ሊያንገራግር ስለሚችል አውሮፓ ያለ የዘመድ ሒሳብ በፊርማዋ ትወክል። ገና ያልተመለሱ ተማሪዎች ሒሳባቸውን መያዣው እስኪገባ ክፍት ያቆዩት።

ጥያቄ፦ የማጠቃለያ ሪፖርት ጻፉ ተብለናል። «ጥሩ ነበር» ከማለት ሌላ ምን ይጻፋል?

መልስ፦ ሁለት ዓይነት ነው። የኢራስመስ ፕላሱ መጠይቅ በኢሜይል ይደርስዎታል፤ ካላዩት የቆሻሻ መልእክት ሳጥኑን ይፈትሹ፣ የድጎማው ቀሪ ክፍያ ከሱ ጋር የተያያዘባቸው ፕሮግራሞች አሉና። ለራስዎ ዩኒቨርሲቲ የሚጻፈው ግን ልብ ተብሎ መጻፍ አለበት፤ የሚያነቡት የሚቀጥሉት ተማሪዎች ናቸው። ከተመለሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ የኮርሱ ሰሌዳ ከአእምሮ ሳይጠፋ ይጻፉት። ዝርዝሩ ላይ በእንግሊዝኛ ተብሎ ክፍል ውስጥ በጀርመንኛ የተሰጠ ኮርስ ካለ በኮዱ ይጥቀሱ። አገር ቤት ኩዊዝ፣ ሚድና አሳይንመንት ተደማምረው ውጤት ይሆናሉ፤ እዚያ ግን ብዙ ኮርስ በአንድ የመጨረሻ ፈተና ብቻ ይወሰናል። ይህን መቼ እንዳወቁና አጠናንዎን እንዴት እንደለወጡ ይጻፉ። የመጀመሪያው ወር ወጪም (መያዣ፣ ኢንሹራንስ፣ የሴሚስተር ክፍያ) በዩሮ ተዘርዝሮ ይቀመጥ፤ ድጎማው ዘግይቶ ቢገባ ምን ያህል ይዘው መሄድ እንዳለባቸው ተከታዮችዎ የሚያውቁት ከዚያ ነው።