መልስ፦ የቀበሌ የሕዝብ ቁጥር ለምን ይጠቅማል?

ወንድሜ፣ «የቀበሌያችን የሕዝብ ቁጥር ምን ይሠራል?» ብለህ ጠይቀሃል። ብዙ ይሠራል። ጤና ኬላን እንውሰድ። በገጠር አንድ ጤና ኬላ የሚታሰበው ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሰው ነው። ክትባት የሚላከውም ስንት ሕፃን እንዳለ ተሰልቶ ነው። ግምቱ ካነሰ ክትባቱ ያልቃል፤ እናት ልጇን አዝላ የመጣችበትን መንገድ ትመለሳለች። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል።

ችግሩ፣ የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበርን። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው በትንበያ ነው። ትንበያ ለአገር ደህና ነው፤ በአጭር ጊዜ ኮንዶሚኒየም ለሞላው ሰፈር ግን አይሆንም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የመዘገቡትን ቁጥር ከትንበያው ጎን አስቀምጡት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ፣ ወረዳው በጀቱን ሳያጸድቅ ይዛችሁ ሂዱ።