ሎንደን ሌሊት ለምትሠሩ፦ ቤቱ ሳይዘጋ ወረቀታችሁን ያዙ

ከመሐል ሜዳም፣ ከደብረ ሲናም፣ ከሸዋ ሮቢትም ወጥተው ሎንደን የገቡ ልጆች ይደውሉልኛል። «ጌይ ባር ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ይላሉ። እኔን የሚጠይቁኝ የሥራ ዕድሜዬን እዚያው ስለፈጀሁት ነው። ካፖርት ከመቀበል ጀመርኩ፤ ባንኮኒ ላይ ቆምኩ፤ ኋላ ሌሊት ሒሳብ ዘግቼ በር የምቆልፈው ሥራ አስኪያጅ እኔው ሆንኩ።

መልሴ፣ ግቡ ነው። ብርጭቆ ይሰበሰባል፣ የቢራ በርሜል ይቀየራል፣ ለሰከረ ሰው ታክሲ ይጠራል። ድብድቡ እንዲያውም ሌላ ቦታ ካየሁት ያንሳል። ቤተሰቡ ያባረረው ሰው ገናን የሚያሳልፈው እዚያ ነው፤ ስለዚህ መጠጥ ቤቱን እንደ ገዛ ቤቱ ይጠብቀዋል። ስማችሁንም አይረሳም።

አገር ቤትስ ምን ይባላል? ደብረ ብርሃን በአረቄዋ ስሟ የወጣ ከተማ ሆና ሳለ፣ መጠጥ ቤት የሚሠራ ልጅ ይታማባታል። ጌይ ባር ሲጨመርበት አስቡት። እኔ ለእናቴ «መስተንግዶ ነው የምሠራው» እላት ነበር። ውሸት የለበትም። ከዚያ በላይ የማብራራት ዕዳ የለባችሁም።

የማልደራደርበት የሌላው ሰው ምስጢር ነው። እዚያ ሐበሻ ብታዩ አላያችሁም። ፎቶ አታንሱ፣ ለጓደኛም አታውሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎታል። ከሕጉ በፊት ደግሞ ሰፈሩ ይፈርዳል። ለቀልድ የተላከች ፎቶ መንዝ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅባትም፤ መከራውን የሚቀበሉት እዚያ ያሉ እናትና እህት ናቸው። ጥገኝነት ሊጠይቅ የፈለገ ሰው ካማከራችሁ ወደ ደላላ ሳይሆን ፈቃድ ወዳለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ምሩት። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ጥቃት ፈርቶ ማንነቱን የሚሸሽግ ሰው «አገርህ ገብተህ ተደብቀህ ኑር» ተብሎ ሊመለስ እንደማይገባ ወስኗል። ደላላው ይህን አይነግረውም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እነዚህ የሎንደን የጌይ መጠጥና ጭፈራ ቤቶች እያለቁ ነው። ዩሲኤል የተባለው የሎንደን ዩኒቨርሲቲ አጥንቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ120 በላይ የነበሩት በ2017 ወደ 50 ገደማ ወርደዋል። አስቶሪያ የሚባለው ጭፈራ ቤት ለባቡር መሥመር ሲባል በ2009 ፈረሰ። ጆይነርስ አርምስና ብላክ ካፕ የሚባሉት መጠጥ ቤቶች በ2015 ተዘጉ። ሰዉ «የስልክ መተዋወቂያ አፕ ገደላቸው» ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። እኔ የነበርኩበት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ መቆሚያ አይገኝበትም ነበር። ግን የኪራይ ውሉ ሲያልቅ ባለሕንፃው የጠራው ዋጋ ቢራ ተሸጦ የሚከፈል አልነበረም። አፓርታማ ቢሠራበት ይሻለዋላ! ኮሮና ደግሞ የምሽት ክለቦችን ከማርች 2020 እስከ ጁላይ 2021 ቆለፈ። ሮያል ቮክስሆል ታቨርን የሚባለው መጠጥ ቤት በ2015 በቅርስነት ስለተመዘገበ እንደ ዋዛ አይፈርስም፤ ያ ዕድል ለሁሉም አይደርስም።

እና ስትቀጠሩ ከደመወዙ በፊት «የኪራይ ውሉ መቼ ነው የሚያልቀው?» በሉ። አለቃው ወሬ ከቀየረ መልሱን አገኛችሁ።

«ካሽ እንሰጥሃለን፣ ታክስ የለውም» የሚል አለቃ ደግ ይመስላል። እኛ ቤት ሲዘጋ ኩባንያው ከስሮ ስለነበር፣ በፔይስሊፕ፣ ማለትም በደመወዝ ወረቀት፣ የምንከፈልና ከሁለት ዓመት በላይ የሠራን ሰዎች የስንብት ክፍያችንን ከመንግሥት አገኘን። ካሽ ሲቀበሉ የኖሩት ባዶ እጃቸውን ወጡ። አንዱ የአንኮበር ልጅ ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ፣ ቀርቶ የማያውቅ። ያን ሁሉ ዓመት መሥራቱን የሚናገር አንድ ወረቀት አልተገኘም። የመንግሥት ጡረታም እንደዚያው ነው፤ ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት፣ ሙሉውን ለማግኘት በአብዛኛው የ35 ዓመት የናሽናል ኢንሹራንስ (ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ) መዝገብ ይፈልጋል። ካሽ እዚያ መዝገብ ላይ አይገባም። ጉርሻም ቢሆን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሕግ የሠራተኛው ነው፤ አለቃ ሊቀንስባችሁ አይችልም። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ዲግሪ ተማሪዎች ደግሞ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት አትለፉ። ካሽ ነው ብላችሁም ቢሆን አትሞክሩት።

ቤቱ ገንዘብ ሳለው ፈቃድ አውጡ። አልኮል ለመሸጥ የሚሰጠው የግል ፈቃድ በስማችሁ ነው የሚወጣው፤ ቤቱ ቢዘጋም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ ዕድሳትም አይጠይቅም። ኮርሱ አጭር ነው፤ ብዙ አለቃ ከተጠየቀ ይከፍላል፣ ካልተጠየቀ ግን ዝም ነው። የበር ጥበቃ ባጅ ግን በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ያለ ባጅ በር ላይ መቆም ወንጀል ነው።